«በለው!» ሲባል ያልተኮሰው ፖሊስ፦ አንድ የጉዳይ ጥናት ከጎንደር

መነሻ

ስለ ፖሊስና ስለ ጥይት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በዚህ ጉዳይ ማንም አልሞተም። አንድ ወጣት ኮንስታብል በሚሸሽ ተጠርጣሪ ላይ ባለመተኮሱ የዲሲፕሊን ክስ ቀረበበት።

የክሱን ወረቀት ይዘው ቤቴ የመጡት እናቱ ናቸው። ጎረቤታሞች ነን። ቁጭ ብለው አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሰው አልገደለም ብለው ነው እንዴ የሚከሱት?» አሉኝ። ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። መልሱን አጥርተን ለማግኘት ሁለት ወር ገደማ ፈጀብን።

የሰዎቹን ስም፣ የጽሕፈት ቤቱን ማንነትና ዓመቱን ትቻለሁ። ሰፈሩንም በጥቅሉ ነው የምጠቅሰው። እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ለክሱ የተሰጠውን መልስ ከኮንስታብሉ ጋር ሆኜ በነጻ ነው የጻፍኩት። ስለዚህ ወገን አለኝ፤ አንባቢ ይህን እያሰበ ያንብብልኝ። ደግሞም ይህ ተራ የከተማ የፖሊስ ሥራ ነው። የጦርነት ጊዜ የራሱ ሕግ ስላለው እዚህ አልገባበትም።

የሆነው ነገር

ቀኑ ጥር 10፣ ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርደዋል። ከገጠር የመጣው፣ ከሌላ ከተማ የመጣው፣ ካሜራ ያንጠለጠለው እንግዳ፣ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። ኮንስታብሉ ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ውሏል። ክላሽ ከአንድ ካዝና ጋር ይዟል፤ ወገቡ ላይ ቆመጥ አለው። ሬዲዮው ያለው አብሮት በተመደበው ሳጅን እጅ ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ከቀሃ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አንድ መታጠፊያ ላይ ሁለት ወጣቶች ተጣሉ። የቆየ የብድር ጠብ ነው። አንደኛው ቢላዋ አውጥቶ የሌላውን ክንድ ወጋና ሮጠ። ኮንስታብሉ ተከተለው። «ፖሊስ ነኝ፣ ቁም!» አለ፤ ደገመው። ሯጩ ወደ አንዲት ጠባብ ቁልቁለት ታጠፈ። ኮንስታብሉ ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ አቀባበለ። ከኋላው ሳጅኑ «በለው! በለው!» እያለ ይጮሃል።

አልተኮሰም። ተጠርጣሪው ቁልቁለቱን ጨርሶ ነጭ ከለበሰው ሕዝብ መሐል ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ያገኘዋል?

የተወጋው ልጅ ሆስፒታል ተወስዶ ክንዱ ተሰፋ፤ ድኗል። ተጠርጣሪውን ደግሞ አጎቱ ጥር 12 ቀን፣ የሚካኤል ታቦት በሚመለስበት ዕለት፣ እጁን ይዞ ለፖሊስ አስረከበው። አመለጠ የተባለው ሰው የቆየው ሁለት ቀን ሳይሞላ ነው።

ክሱ

ሦስት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ የበላይ ትእዛዝ አልፈጸመም። ሁለተኛ፣ በቸልተኝነት ተጠርጣሪ አስመልጧል። ሦስተኛ፣ ሪፖርቱን አዘግይቷል፤ ያቀረበውም የተሟላ አይደለም።

ሦስተኛውን ሳነብ ቀለል አድርጌ አየሁት። ተሳስቼ ነበር። ሪፖርቱን አስመጥቼ አየሁት፤ የተጻፈው ጥር 13 ነው። ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ተጠርጣሪው ሰው ወግቶ ሲሸሽ ተከታትዬው በሕዝብ ብዛት ምክንያት አመለጠኝ፣ ይላል። በቃ። ርቀት የለም። ብርሃን የለም። ማስጠንቀቂያ መስጠቱ የለም። ቢላዋው የት እንደደረሰ የለም። ክላሹን አውርዶ ማቀባበሉ እንኳ አልተጻፈም።

ሕጉ የት ላይ ነው የሚያጣላው

ብዙ ፖሊስ፣ ብዙ ሲቪልም፣ «ቁም» ተብሎ ያልቆመ ሰው ላይ መተኮስ ይቻላል ብሎ ያምናል። እምነቱ ከሜዳ አልመጣም። ክሱም የጠቀሰው የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 ንዑስ አንቀጽ 4ን ነው። የሚያዘው ሰው በኃይል ከተቃወመ ወይም ላለመያዝ ከሞከረ፣ ፖሊሱ እሱን ለመያዝ ማናቸውንም ዘዴ መጠቀም ይችላል ይላል። ግን ዘዴው ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። የክሱ ጸሐፊ «ማናቸውንም» የሚለውን አሰመረበት። እኛ ደግሞ «የተመጣጠነ» የሚለውን። ሙግቱ እዚህ ሁለት ቃላት መሐል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 ማንም ሰው ሕይወቱን የሚያጣው በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል ቅጣት ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ቅጣት የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው። ቁልቁለት አናት ላይ የቆመ ኮንስታብል ዳኛ አይደለም። እንግዲያው ፖሊስ መቼ ነው መተኮስ የሚችለው ሲባል መልሱ ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ይመጣል። አንቀጽ 68 ሕግ ያዘዘውን ወይም የፈቀደውን የሥራ ግዴታ መወጣት ወንጀል አይደለም ይላል፤ ግን ያው በሕግ ወሰን ውስጥ ሲሆን ነው። አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ነው። ራስን ወይም ሌላውን ሰው ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከተቃረበ ሕገወጥ ጥቃት ማዳን ይፈቀዳል። ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። መከላከያውም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት።

ልብ በሉ፤ ጥያቄው ሰውየው ቅድም ያደረገው አይደለም። አሁን ሊያደርግ ያለው ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ሰው የወጋ እጅ አሁን ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከልኩ ያለፈ ሰው ምን ይደርስበታል? ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከሕጋዊ መከላከል ልክ አልፎ የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይቀጣል። ከልክ ያለፈው በድንጋጤ ወይም ይቅር በሚያስብል ፍርሃት ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 79 ከነጭራሹ ላይቀጣው ይችላል። ሕጉ የደነገጠን ፖሊስ ይረዳል ማለት ነው። ያልደነገጠውን፣ ረጋ ብሎ አስቦ ያልተኮሰውን የሚቀጣበት አንቀጽ ግን አጣሁ።

ከአገር ውጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና በተካሄደ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቁ የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎች አሉ። 9ኛው ለሕይወት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያሰጋ ቅርብ አደጋ ይጠይቃል። የሚሸሽን ሰው መተኮስ የሚነሳውም ሰውየው እንዲህ ያለ አደጋ ሲሆንና ቀለል ያለው መንገድ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ ደግሞ ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ የማይቀር ሲሆን ብቻ። 10ኛው ፖሊሱ ማንነቱን ተናግሮ በግልጽ እንዲያስጠነቅቅ ያዛል። 22ኛው ሪፖርት ይፈልጋል።

መጀመሪያ የሞከርነው፣ ያልሠራውም

ዘጠኝ ገጽ መልስ ጻፍኩ። ሕገ መንግሥቱ፣ የወንጀል ሕጉ፣ ሃቫና፣ ሁሉም አለበት። ለማጣፈጫ ብዬ አንድ የአሜሪካ ዳኝነትም ጨመርኩ። ልጨምር አይገባኝም ነበር፤ ግን ታሪኩ ይማርካል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በሜምፊስ ከተማ የ15 ዓመት ልጅ ሌሊት ሰው ቤት ገብቶ ሲወጣ ፖሊስ ደረሰበት። ፖሊሱ በባትሪ ብርሃን ፊቱንና እጁን አየው። መሣሪያ እንዳልያዘም በአብዛኛው እርግጠኛ ነበር። «ፖሊስ ነኝ፣ ቁም» አለው። ልጁ የሽቦ አጥሩ ላይ ሲወጣ ፖሊሱ ከኋላ ጭንቅላቱን መታው። ልጁ ሞተ። የተገኘበት 10 ዶላርና አንድ የሴት ቦርሳ ነው። የቴነሲ ሕግ በዚያን ጊዜ የሚሸሽን ለመያዝ አስፈላጊውን ዘዴ ሁሉ መጠቀም ይቻላል ይል ነበር። ከእኛው አንቀጽ 56 ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አያችሁ? እ.ኤ.አ. በ1985 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ይህ ሕግ መሣሪያ በሌለውና በማያሰጋ ሸሺ ላይ መተኮስን ሊፈቅድ አይችልም አለ።

ክሱን የሚሰማው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሦስት ሰዎች አሉት። አንዱ፣ ዕድሜው የገፋ ዋና ኢንስፔክተር፣ ዘጠኙን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከዚያም ኮንስታብሉን እንዲህ ሲል ጠየቀው፦ «የሜምፊሱ ልጅ ሌባ ነው። የአንተው ሰው ወግቷል። ይኸው ዳኝነት ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዳያመልጥ መተኮስ ይቻላል አይልም?»

ይላል። አስፈላጊ ከሆነና ከተቻለ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ፣ ይላል። እኔው ያመጣሁት ጥቅስ እኔኑ ወጋኝ። ሌላው አባል ደግሞ «ይሄ የአሜሪካ ነው፣ እኛን ምን አገባን» ብሎ ገጹን ገለበጠ። በአንድ ስብሰባ ከሁለት ወገን ተመታሁ።

ልጁ ሲወጣ በር ላይ ጠበቅኩት። «ጋሼ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ግን ስለኔ አልነበረም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቢላዋው

ለሦስተኛ ጊዜ የተቀመጥነው እናቱ ቤት ነው። ቡና እየተቀዳ ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ አልኩት። ሰለቸው መሰለኝ፣ ቶሎ ቶሎ ይነግረኛል። መሐል ላይ «ቢላዋውንማ ጣለው እኮ» ብሎ አለፈ።

«ምን አልክ?»

«ቦዩ ላይ ጣለው። ድንጋይ ላይ ኳ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ለምን አልጻፍከውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እናቱ ስኒውን አስቀምጠው ሁለታችንንም አዩን።

በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ ሄድን። ከቆመበት የመብራት ምሰሶ እስከ ቦዩ 34 እርምጃ ነው። ከቦዩ እስከ ታችኛው መንገድ ሌላ 50። ምሰሶው ጋ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጥይቱ ቁልቁል ነው የሚሄደው። በቀጥታ መስመሩ ላይ ያለው ያ ከጥምቀተ ባሕሩ የሚመለስ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበርራል። 34 እርምጃ ላይ ያለ ሰው ቢሳት የሚቀበለው ከኋላው ያለው ነው። ባይሳትም ሰውነቱን አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ቦዩ አጠገብ ጠላ የሚሸጡ ሴትዮ አሉ። ከተራ ዕለት ምሽት የሆነውን ጠየቅናቸው። ሩጫውን ሰምተዋል። ከዚያ እንደ ዘበት «ቢላዋው የናንተ ነው?» አሉን። በማግስቱ ጠዋት ቦዩ ውስጥ አግኝተው አንስተውታል። ገብተው አመጡት። እጀታው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል። «ጥሩ ስለት ነው፤ እከትፍበታለሁ» አሉ ሳይደናገጡ።

ከአሻራ አንጻር ዋጋ የለውም፤ ሳምንታት ሽንኩርት ተከትፎበታል። ቢሆንም የተገኘበት ቦታ ልጁ ከነገረኝ ጋር ልክ ተገጣጠመ። እኔ አልነካሁትም። መርማሪ ተጠርቶ፣ ቦታው ተመዝግቦ፣ የሴትዮዋ ቃል ተጽፎ ተወሰደ። የተወጋው ልጅም ቢላዋውን አየና አወቀው።

ኮሚቴው ቦታውን እንዲያይ ያቀረብነውን ጥያቄ ተቀበለ። ዋና ኢንስፔክተሩ ራሱ ምሰሶው ጋ ቆሞ እጁን እንደ ጠመንጃ ዘርግቶ አነጣጠረ። ልጁን ሁለት ጥያቄ ጠየቀው። አንደኛው «እግሩን ብትመታውስ?» የሚለው ነው። በየቦታው የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ ልቆይበት። በሚሮጥ ሰው እግር ላይ፣ በድንግዝግዝ፣ በልብ ትርታ መሐል ማነጣጠር ፊልም ላይ ነው የሚሳካው። ቢሳካስ? ጭን ውስጥ ያለው ትልቅ የደም ቧንቧ ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ሰው ላይ የተተኮሰ ጥይት የትም ይረፍ የት ገዳይ ኃይል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ወደ ሰማይ ለምን አልተኮስክም?» ነበር። ልጁ «ሕዝቡ ይደናገጣል፤ ልጅ ያዘለ ነበር» አለ። ዋና ኢንስፔክተሩ ወደ ታች መንገድ አየና ዝም አለ።

«በለው» ማለት ምን ማለት ነው

የመጀመሪያው ክስ የወደቀበት መንገድ ከሕግ ይልቅ ከአማርኛ ጋር የተያያዘ ነው። «በለው» ተኩስበት ሊሆን ይችላል። ምታው ሊሆን ይችላል። በርታ፣ ተከተል፣ አትልቀቀው ማለትም ይሆናል። ኳስ ሜዳም ይጮሃል፣ ጠብ ላይም ይጮሃል።

ሳጅኑ ቃሉን በጽሑፍ እንዲሰጥ ተጠየቀ፦ «ተኩስ ብለህ አዝዘሃል ወይስ አላዘዝክም?» የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 73 ወንጀል የሆነ ድርጊት በትእዛዝ ሲፈጸም ያዘዘው ይጠየቃል ይላል። አንቀጽ 74 ደግሞ ትእዛዙ ሕገወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውንም አይምርም። ሳጅኑ ይህን ያውቅ እንደሆን አላውቅም። የጻፈው መልስ ግን አጭር ነው፦ በለው ማለቴ ያዘው ማለቴ ነው።

ክሱ በዚያው ተዘጋ። ሕጉ አሸነፈ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሳጅኑ ወደኋላ አለ፤ ይኸው ነው። ልጁ ምሽቱን የሰማው ትእዛዝ ተኩስ የሚል እንደነበር ዛሬም አይጠራጠርም።

ውጤቱ

ሁለተኛው ክስ አልተረጋገጠም ተባለ። ሦስተኛው ጸና፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ጥር 10 ማታ አንድ ገጽ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ክሶች ላይመጡም ይችሉ ነበር።

ለጥቂት ወራት ደግሞ ከጥበቃ ተነሥቶ መዝገብ ቤት ተመደበ። ቅጣት አይደለም ተባለ። እናቱ ቅጣት ነው ይላሉ፤ ግን አመሻሹ ላይ በሰዓቱ እየገባ ስለሆነ አልከፋቸውም።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፈው

ለፖሊስ የምለው መጀመሪያ ሪፖርቱን ነው። ብዙዎች ሪፖርት የሚጻፈው ጥይት ሲተኮስ ነው ብለው ያስባሉ። ክላሽ ተነሥቶ ሲወርድም ይጻፍ። ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን ያህል ርቀት፣ እጁ ላይ ምን አየህ፣ ከኋላው ማን ነበር፣ ምን ብለህ አስጠነቀቅክ። አምስት መስመር ነው። የተኮሰንም ያልተኮሰንም የሚያድነው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚመዝነው ፖሊሱ በዚያች ቅጽበት ያየውን አደጋ ነው፤ ያየውን ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

አዛዦች ትእዛዝ ሲሰጡ ያዝ፣ ቁም፣ አትተኩስ፣ ተኩስ የሚሉ ቃላት አሉላቸው። «በለው» ለኳስ ሜዳ ይተው።

እንደ እኔ መልስ ለሚጽፉ፦ ቦታው ላይ ቁሙ። ዘጠኝ ገጼን ከመጻፌ በፊት ያንን ምሰሶ አይቼ ቢሆን መልሴ ሁለት ገጽ ይሆን ነበር። የውጭ ዳኝነት ስትጠቅሱም የሚጠቅማችሁን ብቻ ቆርጣችሁ አትጻፉ፤ ማዶ ያለው ሰው ቀሪውን ያነበዋል። ደግሞ ደንበኛችሁን ሦስት ጊዜ ጠይቁት። በመጀመሪያው የሚነግራችሁ የተከሰሰበትን ነው። ያየው የሚመጣው ሲሰለቸው ነው።

ያልተፈታ ጥያቄ አለኝ። ተጠርጣሪው ቢላዋውን ባይጥለውና ያን ሕዝብ ውስጥ ይዞት ቢገባስ? ያኔ የአንቀጽ 78 ሚዛን ወደ ሌላ ያጋድል ነበር። ግን ያው ሕዝብ በጥይቱ መስመር ላይ ነው። ዋና ኢንስፔክተሩን ከሁሉ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቼ ይህንኑ ጠየቅሁት። «እሮጥበታለሁ» አለኝ። «ደርሼ በቆመጥ።» ዕድሜው ለጡረታ የተቃረበ ሰው ነው።

ቢላዋው በወጋው ልጅ መዝገብ ላይ ኤግዚቢት ሆኗል። በዚያ ቁልቁለት ባለፍኩ ቁጥር ባለ ጠላዋ ሴትዮ መቼ እንደሚመለስላቸው ይጠይቁኛል።